የባስ ድምፅ ማጉያ በጠባብ መኪና ውስጥ

መኪናው ከመታየቱ በፊት ዱም ዱም የሚለው ድምፅ ቀድሞ ይደርሳል። ዘፈኑ ምን እንደሆነ አይለይም፤ ግጥሙም ክራሩም አይሰማም፤ የሚሰማው ባሱ ብቻ ነው። የክፍላችን መስኮት ሲንቀጠቀጥ ተማሪዎች ይሳሳቃሉ፤ ከመካከላቸውም አንዱ እጁን አንሥቶ «ቲቸር፣ ባሱ ብቻ ተለይቶ ለምን ይሰማል?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የፊዚክስ ጥያቄ ነውና መልስ ሊነፈገው አይገባም። የመኪናው ላሜራና መስታወት ቀጭኑን ድምፅ በብዛት ያግዱታል፤ ወፍራሙን ግን ያሳልፉታል። ከባድ ነገርን በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ማርገብገብ አስቸጋሪ ሲሆን ሃምሳ ጊዜ ማርገብገብ ግን ይቀላልና።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን አንድ የሥራ ባልደረባችን ያቀረቡልን ጥያቄ ነው። እኒህ መምህር በትንሿ ቪትዝ መኪናቸው ላይ ሳብዉፈር፣ ማለትም ባስ ብቻ እንዲያወጣ የተሠራ ስፒከር፣ ማስገጠም ፈለጉ። የመኪናዋ የኋላ ዕቃ መጫኛ ግን ጠባብ ነው። በዚያችው ቦታ ስኮርታ ጎማ፣ የልጆቻቸው ቦርሳ፣ ቅዳሜ ቅዳሜም የአስቤዛ ዘንቢል ይጫናል። «ድምፁም ይኑረኝ፣ ቦታዬም አይሂድብኝ» አሉን። እኛም ከፊዚክስ ክበብ ተማሪዎች ጋር ሆነን ሥራውን በትምህርት ቤቱ የእንጨት ሥራ ክፍል ጀመርነው። ስንጀምር የተሳሳትነው ነገር ነበር፤ ስንጨርስ ደግሞ ያልጠበቅነውን ነገር ተማርን። ሁለቱንም ለአንባቢዎቻችን ማካፈል ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ባስ ለምን ሰፊ ቦታ ይፈልጋል?

የድምፅ ሞገድ ርዝመት የሚገኘው ፍጥነቱን ለድግግሞሹ በማካፈል ነው። የድምፅን ፍጥነት በሴኮንድ 340 ሜትር ብንወስድ፣ 50 ሄርዝ የሆነ ባስ የሞገድ ርዝመቱ 6.8 ሜትር ይሆናል። ይህ ከመላዋ ቪትዝ ርዝመት ይበልጣል። በአንጻሩ የ5,000 ሄርዝ ድምፅ ሞገድ 6.8 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው።

ሌላም ችግር አለ። አንድ ስፒከር ድግግሞሹ በግማሽ ሲቀንስ የድምፁን ጉልበት እንደነበረ ለማቆየት ከፈለገ ሾጣጣው ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄድበት ርቀት አራት እጥፍ መሆን አለበት። በ100 ሄርዝ 1 ሚሊ ሜትር የሚንቀሳቀስ ሾጣጣ በ50 ሄርዝ 4 ሚሊ ሜትር፣ በ25 ሄርዝ ደግሞ 16 ሚሊ ሜትር መንቀሳቀስ ይኖርበታል ማለት ነው። በበር ላይ የሚገጠሙ ትንንሽ ስፒከሮች ባስ የማይሆንላቸው ለዚህ ነው። ባስ ብዙ አየር የመግፋት ሥራ ነው።

ሳጥኑስ ለምን አስፈለገ?

ሳብዉፈሩን ያለ ሳጥን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ብናጫውተው ድምፁ ደካማ ይሆናል። ምክንያቱም ሾጣጣው ወደ ፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለው አየር ይታመቃል፤ በዚያው ቅጽበት ከኋላው ያለው አየር ይሳሳል። ሞገዱ ረጅም ስለሆነ የታመቀው አየር ዞሮ የሳሳውን ይሞላዋል፤ የፊቱና የኋላው ድምፅ እርስ በርስ ይጣፋሉ።

ይህን ክፍል ውስጥ ማሳየት ቀላል ነው። ከተበላሸ ሬዲዮ የወጣ ስፒከር ያለ ምንም ክፈፍ ይጫወት። ቀጥሎም መካከሉ በስፒከሩ ልክ የተቀደደ ሰፊ ካርቶን ይደገፍበት። ባሱ ወዲያውኑ ሲወፍር ተማሪዎቹ በጆሯቸው ይሰሙታል። ሳጥን ማለት እንግዲህ ያ ካርቶን ወደ ኋላ ታጥፎና ተዘግቶ ቦታ እንዳይፈጅ የተደረገ ማለት ነው።

አየር እንደ ስፕሪንግ

የተዘጋ ሳጥን ሌላም ሥራ ይሠራል። ሾጣጣው ወደ ውስጥ ሲገባ የሳጥኑ አየር ይታመቅና መልሶ ይገፋዋል፤ ወደ ውጭ ሲወጣ ደግሞ ይስበዋል። አየሩ ስፕሪንግ ሆነ ማለት ነው። በዚህ ሐሳብ የሚታወቀው አሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቸር ሲሆን፣ በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስለ ድምፅ አቀዳድና አባዛዝ ያስተምር ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ ከነበረው ከሄንሪ ክሎስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1954 አኮስቲክ ሪሰርች የተባለውን ኩባንያ መሠረተ። በጊዜው ጥሩ ባስ የሚያወጡ ሳጥኖች ግዙፍ ነበሩ። ቪልቸር ግን የስፒከሩን የራሱን ስፕሪንግ አላልቶ አብዛኛውን የመመለስ ሥራ ለአየሩ በመስጠት፣ መደርደሪያ ላይ በሚቀመጥ ሳጥን ጥልቅ ባስ እንደሚገኝ አሳየ። የመምህርና የተማሪ ሥራ መሆኑን ልብ ይሏል።

ስሌቱን በሥርዓት ያስቀመጡት ደግሞ አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲል እ.ኤ.አ. በ1961፣ ቀጥሎም ሪቻርድ ስሞል በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነበሩ። ዛሬ ከሳብዉፈር ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ የሚታተሙት ቁጥሮች በእነዚህ በሁለቱ ስም የሚጠሩ ናቸው። ከቁጥሮቹ ሦስቱ ለእኛ በቂ ናቸው። አንደኛው ስፒከሩ ያለ ሳጥን በራሱ የሚርገበገብበት ድግግሞሽ ነው። ሁለተኛው የስፒከሩን ስፕሪንግ ያህል ጥንካሬ ያለው የአየር መጠን ሲሆን የሚለካውም በሊትር ነው። ሦስተኛው እንደ ልጓም የሚታይ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን ስፒከሩ ቶሎ ይቆማል፣ ትልቅ ሲሆን ከተመታ በኋላ መንቀጥቀጡን ይቀጥላል።

ስሌቱ

ለምሳሌ ባለ 10 ኢንች የሆነ፣ የራሱ ድግግሞሽ 30 ሄርዝ፣ የአየር መጠኑ 30 ሊትር፣ የልጓም ቁጥሩ 0.45 የሆነ ስፒከር እንውሰድ። ሳጥን ውስጥ ሲገባ የልጓሙ ቁጥር ከፍ ይላል፤ በሳጥን ሥራ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው 0.707 ነው። 0.707ን ለ0.45 ብናካፍል 1.571 እናገኛለን። ይህ በራሱ ሲባዛ 2.468 ይሆናል፤ ከዚህ ላይ 1 ሲቀነስ 1.468 ይቀራል። 30 ሊትርን ለ1.468 ስናካፍል ሳጥኑ 20.4 ሊትር መሆን እንዳለበት እናውቃለን። የሳጥኑ ድግግሞሽ ደግሞ 30 ሲባዛ በ1.571፣ ማለትም 47 ሄርዝ ያህል ነው።

ቦታ ለመቆጠብ ሳጥኑን በግማሽ ብንቀንሰው ምን ይሆናል? በ10.2 ሊትር የልጓሙ ቁጥር ወደ 0.89፣ ድግግሞሹም ወደ 60 ሄርዝ ይወጣል። ባሱ ጥልቀቱን ያጣል፤ አንድ ዓይነት ኖታም እየደጋገመ ይጮኻል። ከዚህ የሚወጣው ሕግ አጭር ነው። ትንሽ ሳጥን፣ ጥልቅ ባስ፣ በጥቂት ኃይል የሚገኝ ከፍተኛ ድምፅ፤ ከሦስቱ ሁለቱን መምረጥ ይቻላል፣ ሦስቱን ባንድነት ማግኘት ግን አይቻልም።

ባለ ቱቦ ሳጥንስ? የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ቱቦው ከተቃኘበት ድግግሞሽ አካባቢ ድምፁን ያጎላል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሰፋ ያለ ሳጥን ይፈልጋል፤ ከቅኝቱ በታች ደግሞ ሾጣጣው የአየር ስፕሪንጉን አጥቶ ያለ ልጓም ይዋዥቃል። ለጠባብ መኪና ዝግ ሳጥን የሚመረጥበት ሌላም ምክንያት አለ። የመኪናው የውስጥ ርዝመት 2.5 ሜትር ቢሆን፣ ከ68 ሄርዝ በታች ያለው ድምፅ ግማሽ ሞገዱ እንኳ መኪናው ውስጥ አይበቃውም። ስለዚህ የመኪናው አየር በሙሉ ባንድ ጊዜ ይታመቃል፣ ባንድ ጊዜም ይሳሳል፤ ባሱም እየጎላ ይሄዳል። ዝግ ሳጥን ከድግግሞሹ በታች የሚያጣውን ጠባቧ መኪና በከፊል ትመልስለታለች። ጥበቷ እዚህ ላይ ጠቀመን ማለት ነው።

የከፍታችን ስጦታና ዕዳ

ያልጠበቅነው ትምህርት ይህ ነው። በስፒከሩ ወረቀት ላይ ያለው የ30 ሊትር ቁጥር በአብዛኛው የሚሰጠው በባሕር ወለል አካባቢ ላለ የአየር ግፊት ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የአየር ግፊቷም የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የድምፅ ፍጥነት የሚወሰነው በሙቀት እንጂ በግፊት ስላልሆነ አይለወጥም። የአየር ስፕሪንግ ጥንካሬ ግን በግፊት ይወሰናል። ስለዚህ እኛ ዘንድ አየሩ የላላ ስፕሪንግ ነው፤ ተፈላጊውን ጥንካሬ ለማግኘት ሳጥኑ ማነስ አለበት።

30 ሊትሩ በአዲስ አበባ 22.5 ሊትር ይሆናል። ይህን ለ1.468 ስናካፍል ሳጥኑ 15.3 ሊትር ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ በሩብ ቀነሰ። ተማሪዎቻችን ይህን ሲያገኙ በደስታ ጮኹ። ነገር ግን ዕዳም አለበት። አየሩ ስለሳሳ ያው የሾጣጣ እንቅስቃሴ የሚፈጥረው የድምፅ ግፊትም በሩብ ያንሳል፤ ይህም 2.5 ዴሲቤል ያህል ነው። ከፍታችን በቦታ የሰጠንን በድምፅ ወሰደብን። ባልደረባችን ግን ቦታውን መረጡ።

ሳጥኑንም እንዲህ ሠራነው። ስፒከሩ ራሱ 1.5 ሊትር ያህል ስለሚይዝ የውስጥ መጠኑን 16.8 ሊትር አደረግን፤ ይኸውም 40 በ30 በ14 ሴንቲ ሜትር ነው። ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር የሆነ ኤምዲኤፍ ተጠቀምን፤ የውጭ ልኩ 43.6 በ33.6 በ17.6 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ይህ 25.8 ሊትር ነውና እንጨቱ ብቻውን 9 ሊትር በላ ማለት ነው። በባሕር ወለሉ ስሌት ብንሠራው ኖሮ ከመኪናዋ 32 ሊትር ይወስድ ነበር። ስፒከር ከመግዛት በፊት ጥልቀቱን መለካት ያስፈልጋል፤ ከኋላው ያለው ማግኔት የሳጥኑን ግድግዳ መንካት የለበትም። መጋጠሚያዎቹን በኮላና በቪቴ አጥብቀን በሲሊኮን ደፈንናቸው። ሾጣጣውን በመዳፍ በቀስታ ገፍቶ ሲለቁት ቀስ ብሎ ከተመለሰ ሳጥኑ አየር አያስወጣም።

የት ይቀመጥ?

ባስ ከየት እንደሚመጣ ጆሮ በቀላሉ ስለማይለይ ሳጥኑን በተመቸ ቦታ ማስቀመጥ ይቻላል። በወንበር ሥር የሚገባ፣ አምፕሊፋየሩ አብሮት የተሠራ ጠፍጣፋ ሳብዉፈር ቦታ አይወስድም፤ ጥልቅ ባስ ግን አይጠበቅበትም። በስኮርታ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ የሚገባም አለ፤ ነገር ግን ስኮርታውን ቤት ትቶ መንገድ መውጣት ለሙዚቃ ሲባል የሚከፈል ዋጋ አይደለም። በመጨረሻ የመረጥነው ከኋለኛው ወንበር መደገፊያ ጀርባ በቁመት ማስቆምን ነው። በዚህም የዕቃ መጫኛው ወለል በ18 ሴንቲ ሜትር ብቻ አጠረ፤ ስኮርታውም ሳጥኑን ሳይነካ የሚወጣ ሆነ።

ሽቦው

የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነበር። ለመጀመሪያ ሙከራ ለቤት መብራት የሚያገለግል 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ከባትሪው እስከ ኋላ ዘረጋን፤ ፊውዝም አላደረግንበትም። ሙዚቃው ከተከፈተ ጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚነድ ላስቲክ ሸተተን። ከመካከላችን አንዱ ሮጦ የባትሪውን ጫፍ ባይነቅል ኖሮ ይህ ጽሑፍ ሌላ መልክ በኖረው ነበር።

ስሌቱን ያደረግነው ከዚያ በኋላ መሆኑ ያሳፍረናል። 300 ዋት የሚያወጣ፣ ብቃቱ 80 በመቶ የሆነ አምፕሊፋየር ከባትሪው 375 ዋት ይወስዳል። በ12.5 ቮልት ይህ 30 አምፔር ነው። 5 ሜትር የሆነው የመዳብ ሽቦ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሲሆን ተቃውሞው 0.057 ኦም ነው። 30 ሲባዛ በ30 ሲባዛ በ0.057፣ 51 ዋት ሙቀት ይሰጣል። ምንጣፍ ሥር የካውያ ብረት ቀብሮ እንደ መተው ነው። በ16 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ግን ሙቀቱ 5 ዋት እንኳ አይሞላም።

ስለዚህ የሚከተሉት ሊታለፉ አይገባም።

አንደኛ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የባትሪው ኔጋቲቭ ጫፍ ይነቀል።

ሁለተኛ፣ ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ከ45 ሴንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ ይግባ። ለእኛ የ40 አምፔር ፊውዝ በቂ ነበር። ይህ ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ሽቦው ተልጦ ላሜራ ቢነካ ባትሪው ብዙ መቶ አምፔር ሊለቅ ይችላልና። አምፕሊፋየሩ አጠገብ ብቻ የሚቀመጥ ፊውዝ ግን መንገዱን ሁሉ ያለ ጠባቂ ይተወዋል።

ሦስተኛ፣ ሽቦው ከሞተሩ ክፍል በሚያልፍበት የላሜራ ቀዳዳ ላይ ጎሚኒ ይደረግበት።

አራተኛ፣ መካኒኮች ማሳ የሚሉት የኔጋቲቩ ሽቦ አጭር ይሁን፤ የሚታሰርበትም ላሜራ ቀለሙ ተፍቆ ይጽዳ።

አምስተኛ፣ ከቴፑ የሚመጣው የድምፅ ገመድ በአንድ ወገን፣ የኃይሉ ሽቦ በሌላው ወገን ይሂድ፤ አለዚያ የዲናሞው ፉጨት ከሙዚቃው ጋር ይገባል።

ስድስተኛ፣ አምፕሊፋየሩን የሚቀሰቅሰው ቀጭን ሽቦ ከቴፑ ይምጣ፤ ቴፑ ሲጠፋ አብሮ ካልጠፋ በማግሥቱ ባትሪው አልቆ ይገኛል።

በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ለመሥራት የሚያስብ ቢኖር አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ ይህ ጥያቄ በተማሪዎቻችን ዘንድ ይዘወተራል። በእነዚህ መኪናዎች ውስጥ ብርቱካንማ ልባስ ያላቸው ኬብሎች ሰው የሚገድል ቮልቴጅ ይሸከማሉና ከቶ አይነኩ። ሥራው የሚሠራው ከ12 ቮልቱ ባትሪ ብቻ ሲሆን እሱም በባለሙያ ነው።

ብሎኑ

«ሳጥኑ ከባድ ስለሆነ አይንቀሳቀስም» ሲባል እንሰማለን። ኒውተን ግን በዚህ አይስማማም። 15 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሳጥን በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ውስጥ ነው እንበል፤ ይህ በሴኮንድ 13.9 ሜትር ነው። መኪናው ተጋጭቶ በግማሽ ሜትር ውስጥ ቢቆም ፍጥነቱ የሚቀንሰው በሴኮንድ ካሬ 193 ሜትር ነው። ሳጥኑን ለመያዝ 2,900 ኒውተን ያህል ኃይል ያስፈልጋል፤ ይህም የሦስት ኩንታል እህል ክብደት ነው። ከሳጥኑ ፊት ያለው ደግሞ ልጆች የሚቀመጡበት ወንበር ነው።

ሳጥኑን በአራት ባለ 8 ሚሊ ሜትር ብሎን፣ ሰፋፊ ሮንዴላ አድርገን ከመኪናዋ ወለል ጋር በዳዶ አሰርነው። ከመብሳት በፊት ከሥር ገብቶ ማየት ግዴታ ነው፤ በብዙ ትንንሽ መኪናዎች የነዳጅ ታንኩና የፍሬን ቱቦው በኋለኛው ወንበር አካባቢ ያልፋሉ።

ጆሮውም

በመጨረሻ የቴፑ ማከፋፈያ 80 ሄርዝ ላይ ተደርጎ፣ ከዚያ በታች ያለው ለሳብዉፈሩ፣ በላይ ያለው ለበሮቹ ስፒከሮች ተተወ። የሳብዉፈሩን ሁለት ሽቦዎች አንድ ጊዜ አቀያይረን በሾፌሩ ወንበር ላይ ባሱ የጎላበትን ያዝን። ባልደረባችን ተቀምጠው አዳመጡና መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ድምፁን መቀነስ ነበር።

ደግ አደረጉ። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም ምክር መሠረት 85 ዴሲቤል ለሆነ ድምፅ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ መጋለጥ አይገባም፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥርም ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በ94 ዴሲቤል 1 ሰዓት፣ በ100 ዴሲቤል 15 ደቂቃ ብቻ ይሆናል ማለት ነው። በአዲስ አበባ ሚኒባስም ሆነ በናይሮቢ ማታቱ ተሳፋሪው ወርዶ ይሄዳል፤ ሾፌሩና ረዳቱ ግን ቀኑን ሙሉ እዚያው ናቸው። ከውስጥ ጆሮ የሞቱ የመስማት ሕዋሳት በሰው ላይ ተመልሰው አይበቅሉም። ሳብዉፈር በደንብ ሲገጠም ጥቅሙ ድምፁን ሳያበዙ ሙዚቃውን ሙሉ አድርጎ መስማት መቻሉ ነው።

ለክፍል ሥራ

1. በአዲስ አበባ የተሠራው የ15.3 ሊትር ሳጥን ጅቡቲ ቢወርድ የልጓሙ ቁጥርና ድግግሞሹ ስንት ይሆናል? (መልሱ 0.77 እና 52 ሄርዝ ያህል ነው፤ አሠራሩን አሳዩ።)

2. 16 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ 5 ሜትር የመዳብ ሽቦ 30 አምፔር ሲያልፍበት ስንት ቮልት ይጠፋል?

3. መኪናው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ይሄድ ቢሆን፣ በዚያው ግማሽ ሜትር ውስጥ ሲቆም ሳጥኑን ለመያዝ የሚያስፈልገው ኃይል ስንት እጥፍ ይሆናል?

ሦስተኛውን ጥያቄ የምትመልሱ ተማሪዎች መልሱን ለምታውቁት ሾፌር ንገሩት። የእኛ ባልደረባ ካወቁት ወዲህ ብሎኖቹን በየወሩ ይፈትሻሉ።